«ፕሮጄስትሮንሽ ዝቅ ብሏል» ከተባልሽ

ባለፈው ክረምት የሸዋ ሮቢቷ የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ካረፈችበት ዘመድ ቤት ደወለችልኝ። መሽቷል። በማግስቱ ላብራቶሪ ውስጥ የተሠራ ፅንስ ማህፀኗ ሊገባላት ነው። «እትዬ፣ በቃ፣ አልሆነልኝም» አለችና ማልቀስ ጀመረች። እስክትረጋጋ ጠብቄ ምን እንደተባለች ጠየቅኳት። የላብራቶሪ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ፕሮጄስትሮን፣ ማህፀንን ለእርግዝና የሚያሰናዳው ሆርሞን፣ 7.4። ወረቀቱን የሰጣት ሰው «ዝቅ ብሏል» ብሏት ወደሚቀጥለው ታካሚ ዞሯል።

ለዚያች ቀን ለመድረስ ሁለት ዓመት ቆጥባለች። ባሏ በሬ ሸጧል። አንድ ቁጥር ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳት።

ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደሷ ላሉት ነው። ሐኪም አይደለሁም። ደብረ ብርሃን የምኖር፣ ልጅ ፍለጋ አራት ዓመት ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት የተንከራተትኩ ሴት ነኝ። «ፕሮጄስትሮን» የሚለውን ቃል ያን ሁሉ ጊዜ ስሰማ ኖሬ፣ ምን ማለት እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ሰው ያገኘሁት መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይዘሽልኝ ብትሄጂ ደስ ይለኛል። ያ ቁጥር ብቻውን አይነበብም። በስንተኛው ቀን ተለካ? በምን መለኪያ? የትኛውን መድኃኒት፣ በየት በኩል እየወሰድሽ ሳለ? እነዚህን ሳታውቂ ተስፋ አትቁረጪ።

ከሥሩ ልጀምር። በየወሩ አንዱ የእንቁላል እጢ እንቁላል ይለቃል። እንቁላሉ የወጣበት ከረጢት ባዶውን አይቀርም። ወደ ትንሽ ቢጫ አካል ይለወጣል። ሐኪሞችም በላቲን የሚጠሩት «ቢጫ አካል» ብለው ነው። ፕሮጄስትሮንን የሚያመርተው እሱ ነው። ሥራውን በቤት አሠራር ላስረዳ። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የማህፀኑን ግድግዳ ያቆማል፣ ያወፍራል። ፕሮጄስትሮን ደግሞ ይመርገዋል፣ አለስልሶ እንግዳ እንዲቀበል ያሰናዳዋል። ግድግዳው ቢቆምም ምርጊቱ ካልደረሰ ቤቱ ሰው አያስገባም።

ካልተፀነሰ ቢጫው አካል በ14 ቀን ገደማ ይከስማል። ፕሮጄስትሮን ይወርዳል፣ የወር አበባ ይመጣል። ከተፀነሰ ግን ፅንሱ የራሱን መልእክት ይልካል። የእርግዝና ምርመራ የሚፈልገው ሆርሞን ያ መልእክት ነው። ቢጫው አካል መልእክቱን ሲሰማ ሥራውን ይቀጥላል። ከ7 እስከ 9 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የእንግዴ ልጁ ሥራውን ይረከበዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አርፓድ ቻፖ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ፣ ቢጫው አካል ከ7ኛው ሳምንት በፊት ከወጣ እርግዝናው እንደሚቋረጥ፣ ፕሮጄስትሮን ከውጭ ከተሰጠ ግን ሊቀጥል እንደሚችል አሳይተዋል። ዛሬ በየፋርማሲው የምንፈልገው መድኃኒት አንዱ መሠረት ይህ ነው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ «በ21ኛው ቀን ደም ስጪ» አሉኝ። ሰጠሁ። 0.9 መጣ። «እንቁላል አትለቂም» ተባልኩ። አንድ ዓመት ሙሉ እንቁላል የሚያስለቅቅ ኪኒን ዋጥኩ። ማንም ሰው ያልጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር። የወር አበባሽ በስንት ቀን ነው የሚመጣው? የእኔ በ35 ቀን ነው የሚመጣው።

የ21ኛው ቀን ምርመራ የተሠራው በ28 ቀን ለምታይ ሴት ነው። ደሙ መወሰድ ያለበት የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ 7 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። በ35 ቀን የምታይ ሴት እንቁላል የምትለቀው በ21ኛው ቀን አካባቢ ስለሆነ፣ ያን ቀን ፕሮጄስትሮኗ ዝቅ ቢል የሚጠበቅ ነው። የእኔ ቀን 28ኛው ነበር። በኋላ ሌላ ሐኪም በትክክለኛው ቀን አስለካችኝ፣ 12 መጣ። ከ3 በላይ ከሆነ እንቁላል ተለቋል ማለት ነው። ለካ ስለቅ ነው የኖርኩት። ያን ዓመት ማን ይመልስልኛል? አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ሌላም አለ። ፕሮጄስትሮን ከሰውነት የሚለቀቀው እንደ ወንዝ ሳያቋርጥ አይደለም፤ ፈሰስ እያለ፣ ቆም እያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ አንድ ጥናት የጤነኛ ሴቶችን ደም ቀኑን ሙሉ እየቀዳ ሲለካ፣ መጠኑ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ2.3 እስከ 40.1 ሲወጣና ሲወርድ አግኝቷል። ስለዚህ ሰውነትሽ ራሱ በሚያመርትበት ወር አንድ ጊዜ የተወሰደ ደም ብዙ አይናገርም። እንቁላል መልቀቅ አለመልቀቅሽን ይነግርሻል። ከዚያ በላይ ብዙ አትጠብቂበት።

መለኪያውንም እዪ። አንዱ ላብራቶሪ በናኖግራም በሚሊ ሊትር ይጽፋል፣ ሌላው በናኖሞል በሊትር። 1 ናኖግራም በሚሊ ሊትር 3.18 ናኖሞል በሊትር ነው። አንድ ቦታ 10 የተባለው ሌላ ቦታ 32 ገደማ ሆኖ ይመጣል። ደብረ ብርሃን ተለክታ 30 ያየች ሴት አዲስ አበባ ሄዳ 9.4 ሲሏት «በሳምንት ውስጥ ወረደብኝ» ብላ ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ቁጥሩ ግን ያው ነው። ከቁጥሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አብረሽ ፎቶ አንሺ። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሰው ሁሉ በናኖግራም ነው።

ዝቅ ማለቱ የሚፈለግበት ጊዜም አለ። በአይ ቪ ኤፍ፣ ማለትም እንቁላልና የወንድ ዘር ላብራቶሪ ውስጥ ተገናኝተው ፅንስ በሚሠራበት ሕክምና፣ እንቁላሎቹ ከመወሰዳቸው በፊት፣ የማብሰያው መርፌ በሚሰጥበት ቀን፣ ፕሮጄስትሮን ዝቅ ማለት አለበት። ብዙ ሐኪሞች ከ1.5 በላይ ካዩ «ማህፀኑ ቀድሞ ተሰናድቷል» ብለው ፅንሱን ለሌላ ወር አቀዝቅዘው ያስቀምጡታል። አንድ ሳምንት «ዝቅ ብሏል፣ ጎሽ» ትባያለሽ። በሚቀጥለው «ዝቅ ብሏል» ተብሎ ፊት ይጠቆርብሻል። ካልተነገረሽ እንዴት ታውቂዋለሽ?

ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። የእሷ ፅንስ ቀዝቅዞ የቆየ ነው። ማህፀኗ የተዘጋጀው በኢስትሮጅን ኪኒን ነው። በዚህ መንገድ ስትዘጋጂ እንቁላል አትለቂም። እንቁላል ካልተለቀቀ ቢጫ አካል የለም። ቢጫ አካል ከሌለ ደግሞ ሰውነትሽ የሚያዋጣው ፕሮጄስትሮን የለም ማለት ይቻላል። ያለው ሁሉ ከመድኃኒቱ ነው። ለዚህ ነው በዚህ ሕክምና ውስጥ ቁጥሩ ከእኔው የ21ኛ ቀን ቁጥር የበለጠ ክብደት ያለው። በስፔን የተሠሩ ጥናቶች በብልት በኩል መድኃኒት ከሚወስዱ እንዲህ ያሉ ሴቶች መካከል፣ ፅንሱ በሚገባበት ሰሞን ከ9 አካባቢ በታች የነበራቸው ላይ እርግዝናው የመቀጠል ዕድሉ ቀንሶ አግኝተዋል። ብዙ ክሊኒኮች 10ን እንደ መስመር ይይዛሉ። አዲስ በተሠራ ፅንስ ሕክምና ደግሞ ቢጫ አካሎቹ አሉ። ነገር ግን መድኃኒቶቹ ከአንጎል የሚመጣላቸውን ትእዛዝ ስለሚያዳክሙባቸው እዚያም ድጋፍ ይሰጣል። ፕሮጄስትሮን የታዘዘላት ሴት ሁሉ «ጉድለት አለባት» ማለት አይደለም። የሕክምናው አካል ነው።

7.4 እንግዲህ ዝቅ ብሏል። እውነት ነው። ግን ከሁሉም ነገር ውስጥ ሊስተካከል የሚችለው እሱ ነው። የእንቁላል ጥራት በአንድ ሌሊት አይለወጥም፣ ዕድሜም እንደዚያው። ፕሮጄስትሮን ግን ይጨመራል። በማግስቱ ጠዋት ሐኪሟ በብልት ከሚገባው ላይ በየቀኑ የሚወጋ መርፌ ጨመረላት፣ ፅንሱም በቀጠሮው ገባ። እንዲህ መጨመሩ ምን ያህል እንደሚያድን ሐኪሞች ሁሉ በአንድ ድምፅ አልተስማሙም። መለካቱንም የማያዘወትሩ አሉ። ምክንያታቸው ደካማ አይደለም። በብልት የሚገባው መድኃኒት በቀጥታ ወደ ማህፀን ስለሚያልፍ፣ በደም ውስጥ ትንሽ ሆኖ ሲታይ ማህፀን ውስጥ ብዙ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መድኃኒቱ ብቸኛ ምንጭ ለሆነባት ሴት መለካቱ ይሻላል ባይ ነኝ። ጠይቂያቸው።

አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው የሚያለቅስበት። ዱፋስቶን የሚባለው የሚዋጥ ኪኒን ውስጥ ያለው ዳይድሮጄስትሮን ነው። ሥራው የፕሮጄስትሮን ነው፣ የደም ምርመራው ግን አያየውም። ዱፋስቶን ብቻ እየዋጥሽ ፕሮጄስትሮን ብትለኪ ወረቀቱ ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይሽ ይችላል። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። ምርመራው ሌላ ነገር ነው የሚፈልገው።

ከዚህ በኋላ የኛ አገር ጉዳይ ይመጣል። በመንግሥት ደረጃ የአይ ቪ ኤፍ ሕክምና የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። የግል ክሊኒኮችም በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከሸዋ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመሐል ሜዳ ወይም ከአለም ከተማ የምትመጣዋን አስቢ። መድኃኒቱን በእጅሽ ይዘሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ፣ ከዚያ ጥያቄ ሲኖርሽ የምትጠይቂው ሰው የለም።

አየሩ ራሱ አንድ ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር በላይ 2,840 ሜትር ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት በዘይት የሚዘጋጀው የፕሮጄስትሮን መርፌ ይወፍራል፣ በመርፌው አይወርድም፣ ሲወጉሽም ያማል። ጠርሙሷን በመዳፍሽ ወይም በብብትሽ ይዘሽ ለጥቂት ደቂቃ አሙቂያት። እሳት ዳር አታስጠጊያት። ከተወጋሽ በኋላ ቦታውን እሽት አድርጊው፣ ትንሽ ተራመጂ፣ በማግስቱ ጎኑን ቀይሪ። ዘይቱ ከለውዝ ወይም ከሰሊጥ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ እነዚህ የማይስማሙሽ ከሆነ ቀድመሽ ተናገሪ። ጣርማ በርን አልፈሽ ቁልቁል ስትወርጂ ችግሩ ይገለበጣል። ሸዋ ሮቢት ሙቀት ነው። በብልት የሚገባው ሻማ መሳይ መድኃኒት በሙቀት ይቀልጣል። የብዙዎቹ ሳጥን ላይ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል። የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያውን ሳጥን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣው ሟሙቶ ጠበቃት። ሁለተኛውን በፕላስቲክ ጠቅልላ እንስራው ጥግ፣ ቀዝቃዛው ወለል ላይ አኖረችው። በዚያው ጸና።

ሰዓትና ቀን ደግሞ ቀልድ አያውቁም። አምስት ቀን ያደገ ፅንስ የሚገባው ፕሮጄስትሮን ከተጀመረ አምስት ሙሉ ቀን ሲሆነው ነው። ማህፀን እንግዳ የሚቀበልበት በር ለጥቂት ቀን ብቻ ስለሚከፈት፣ አንድ ቀን ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መጀመር ሁሉንም ያዛባል። ክሊኒኩ የሚጽፈው በፈረንጅ ቀን ነው፣ አንቺ የምታስቢው በኛ። ሰዓቱም እንደዚያው። «8» ብሎ የጻፈልሽ ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ይሁን 8 ሰዓት ከቀትር በኋላ፣ ከወንበሩ ሳትነሺ አረጋግጪ። ከዚያ በራስሽ እጅ በአማርኛ፣ በኛ ቀንና ሰዓት ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። የስልክሽን ደወል ሙዪው።

ከመድኃኒቱ ቢያንስ የአንድ ሳምንት ትርፍ ያዢ። ዋጋው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ባለፉት ዓመታት በክልላችን በተፈጠረው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ፋርማሲ «አልቋል» የሚልበትም ቀን አለ። አንድ ዶዝ ከረሳሽ እንዳስታወስሽ ውሰጂና ለክሊኒኩ ደውለሽ የሚቀጥለውን ጠይቂ። አንድ ዶዝ በመርሳት ብቻ ሁሉ ነገር ይበላሻል ማለት አይደለም። ሁለትና ሦስት ቀን ማቋረጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህን የምለው ስለ ጸበልም ነው። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዳ ያልተጠመቀች፣ ልጅ ያልለመነች ሴት በኛ አገር ጥቂት ናት። እኔም ሄጃለሁ፣ ገናም እሄዳለሁ። የሚያስፈራኝ መድኃኒቱን ቤት ትተው የሚሄዱት ናቸው። ይዘሽው ሂጂ። ንስሐ አባትሽን ቀድመሽ አማክሪ። እኔ ሳማክራቸው «መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አታቋርጪ» ነው ያሉኝ። ሮመዳን የምትጾሚ እህቴ ደግሞ፣ በየ12 ሰዓቱ የሚወሰደው ከሱሁርና ከኢፍጣር ጋር ሊገጥም ይችላል። ሐኪምሽን ጠይቂና ሰዓቱን ከመጀመሪያው እንዲያ አስተካክሉት።

ስለ ምግብ አጭር ልበል። ተልባ፣ ቴምር፣ አብሽ፣ የማይባል የለም። ብዪው፣ ጠጪው፣ ጉዳት ከሌለው ችግር የለም። የጎደለውን ፕሮጄስትሮን የሚተካ ምግብ ግን የለም። ከቦዬ ዘመድ ሥር የተሠራ ቅባት የሚሸጡም አሉ። እርግጥ ፕሮጄስትሮን በፋብሪካ ከዚያ ዓይነት ሥር ይሠራል። ሰውነታችን ግን ያን ለውጥ መሥራት አይችልም። ገንዘብሽን ለመርፌው አስቀምጪ።

ቀጥሎ ያለው ሁለት ሳምንት ከሁሉም ይከብዳል። ፕሮጄስትሮን እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። ጡት ያሳብጣል፣ ሆድ ይነፋል፣ ድርቀት ያመጣል። ሁሉም የእርግዝና ምልክት ይመስላሉ። አንዲት ጎረቤት ፊትሽን አይታ «ይኸው ይዟል!» ትልሻለች። አትስሚያት። ምልክቶቹ ከመድኃኒቱ ሊሆኑ ይችላሉ። ምልክት ማጣትም ምንም አይናገርም። የወር አበባሽ ስለቀረም አትደምድሚ፣ መድኃኒቱ ራሱ ያዘገየዋል። ትንሽ ደም ስላየሽም «አለቀ» ብለሽ መድኃኒቱን በራስሽ አታቁሚ። አርግዘው ደም የሚያዩ ብዙ ናቸው። እስከ ደም ምርመራው ቀን ድረስ ቀጥይ። ደሙ ከበዛ፣ አንድ ጎን ሆድሽን አጥብቆ ካመመሽ ወይም ራስሽን ካዞረሽ ግን ሌሊትም ቢሆን ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂጂ። ከማህፀን ውጭ የተቀመጠ እርግዝና ሊሆን ይችላል።

ተኝተሽ መክረምም አይጠበቅብሽም። ፅንስ ከገባ በኋላ አልጋ ላይ መዋል ዕድሉን እንደማይጨምር ጥናቶች አሳይተዋል። የአውቶቡስ መንገጫገጭም አያወርደውም። ፅንሱ በተጋጠሙ ግድግዳዎች መካከል ነው የሚቀመጠው። ከባድ ጀሪካን ግን ባል ይሸከም። ለዚህ ጥናት አያስፈልግም።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። እኔ አንድ ጊዜ አርግዤ ነበር። በ6ኛው ሳምንት ፕሮጄስትሮኔ ዝቅ ብሎ ተገኘ፣ ከአራት ቀን በኋላ ፅንሱ ወረደ። አንድ ማታ መድኃኒቱን ረስቼ ነበር። ወራት ሙሉ «እኔ ነኝ የገደልኩት» እያልኩ ኖርኩ። ለባለቤቴም አልነገርኩትም። ያቺ በትክክለኛው ቀን ያስለካችኝ ሐኪም ናት ያወጣችኝ። ፅንሱ በራሱ ምክንያት ማደግ ሲያቆም መልእክቱን መላክ ይቀንሳል፣ ቢጫው አካልም ያኔ ይደክማል። ቁጥሩ የወረደው እርግዝናው ስለተዳከመ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ሁልጊዜ ተገላቢጦሹን ነው የምናስበው።

ትልልቅ ጥናቶችም ይህንኑ ይደግፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ፕሮሚስ የተባለ ጥናት ምክንያቱ ሳይታወቅ በተደጋጋሚ ፅንስ የወረደባቸውን 836 ሴቶች ተከታተለ። ፕሮጄስትሮን ከወሰዱት 65.8 ከመቶ፣ ካልወሰዱት 63.3 ከመቶ ወለዱ። ልዩነት አልተባለም። በ2019 የወጣው ፕሪዝም ደግሞ በእንግሊዝ በእርግዝና መጀመሪያ ደም ያዩ 4,153 ሴቶችን አጠና። በአጠቃላይ ከወሰዱት 75 ከመቶ፣ ካልወሰዱት 72 ከመቶ ወለዱ፣ አሁንም ልዩነቱ በቂ አልነበረም። ከዚያ በፊት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ፅንስ የወረደባቸው ላይ ግን ከወሰዱት 72 ከመቶ፣ ካልወሰዱት 57 ከመቶ ወለዱ። መድኃኒቱ ለሚያስፈልጋት ሴት ይሠራል። ለሁሉም አይደለም። ሐኪምሽ «ለአንቺ አያስፈልግሽም» ካለሽ ከንፍገት አይደለም። ደም እያየሽ ካለሽና ከዚህ ቀደም ወርዶብሽ ከሆነ ግን ይህን ታሪክሽን አንድም ሳታስቀሪ ንገሪው። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ከ2021 ጀምሮ ለእንዲህ ያሉ ሴቶች ጠዋትና ማታ 400 ሚሊግራም ይመክራል።

ቤተሰብስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳወጣው ከ6 ሰዎች 1 ሰው በሕይወቱ በሆነ ጊዜ የመውለድ ችግር ይገጥመዋል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከወንዱ በኩልም ይገኛል። በየቤቱ ግን ሆርሞኗ የሚለካው፣ የምትወጋው፣ «ዝቅ አለባት» የምትባለው ሴቷ ናት። አማቴ አንድ ቀን «ምን አነሰሽ ልጄ?» አለችኝ። በክፋት አይደለም። ወረቀቱን አሳየኋትና ስለ ግድግዳውና ስለ ምርጊቱ ነገርኳት። ቤት ስትመርግ ያደገች ሴት ናት፣ ወዲያው ገባት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ «መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» የምትለኝ እሷ ናት። እኔ ገና እየጠበቅሁ ነው።

የአክስቴ ልጅ ያዘላት። እስከ 11ኛው ሳምንት መድኃኒቱን ወሰደች። ሐኪሟ አቁሚ ሲላት ከመጀመሪያው ቀን የባሰ ፈራች። በየሁለት ሰዓቱ ሽንት ቤት እየሄደች ደም አለ ወይ ብላ ታያለች። የእንግዴ ልጁ ሥራውን ከተረከበ ሳምንታት አልፈውታል፣ የሚያጎድልባት ነገር የለም። ይህን በስልክ አሥር ጊዜ ነግሬያታለሁ፣ አሥረኛው ላይ ሳቀች። ሳጥኑ ውስጥ ስድስት ፍሬ ተርፏል። አሁንም እንስራው ጥግ ነው ያለው።